መኪና ውስጥ ቤንዚን ሲሸት፦ ምንጩን የማግኛና የመጠገኛ ዝርዝር መመሪያ

ጤነኛ መኪና ውስጥ ቤንዚን አይሸትም። መኪናው ሃያ ዓመት ያገለገለ ቢሆን፣ መንገዱ ኮረኮንች ቢሆን፣ የሸጠልዎ ሰው «ያረጀ መኪና ጠባዩ ነው» ቢልዎ እንኳ አይሸትም። ቤንዚኑ ከማጠራቀሚያው ከሰልባትዮው ተነሥቶ ሞተር ውስጥ እስኪቃጠል ድረስ የሚጓዘው በተዘጋ መንገድ ነው፤ ትነቱ ሳይቀር የሚጠመድበት ክፍል ተሠርቶለታል። ሽታ ካለ ከዚህ መንገድ አንዱ ቦታ ተከፍቷል ማለት ነው። የተከፈተው ቦታ ደግሞ ተፈልጎ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም ጥገናው የአንድ ቱቦ ወይም የአንድ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ ቀለበት) ጉዳይ ሆኖ ያርፋል።

ሰውን ገንዘብ የሚያስጨርሰው ምንጩ ሳይታወቅ የሚደረግ የዕቃ ለውጥ ነው። ባለመኪናው «ቤንዚን ይሸተኛል» ይላል፤ ፊልትሮ (የነዳጅ ማጣሪያ) ይቀየራል። አልጠፋም፤ ፓምፕ ይቀየራል። አሁንም አልጠፋም፤ ኢንጀክተር (ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ዕቃ) ይታጠባል። ሽታው ግን ይወጣ የነበረው ከኋላ ወንበር ሥር፣ ደርቆ ከተሰነጠቀ ጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያ መካከል ከሚገባ ማሸጊያ) ነው። በዚህ መመሪያ የምከተለው ቅደም ተከተል ይህን ብክነት ለማስቀረት ነው። መጀመሪያ ሽታው መቼ እንደሚመጣ እናጣራለን፤ ቀጥለን በዓይን እናያለን፤ ቁልፍ የምናነሣው በመጨረሻ ነው።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያሉት ቪትዞች፣ ያሪሶችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ማገልገል ይጠበቅባቸዋል። ብረታቸው ይችለዋል። ጎማና ፕላስቲካቸው ግን የራሱ ዕድሜ አለው፤ የነዳጅ ቱቦም ጎማ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ እሳትና ሳንባ

የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ ወጥቶ አይጠፋም፤ ወለል ላይ ይተኛል፣ ምንጣፍ ሥር ይገባል፣ ጋራዥ ውስጥ ከሆነ የጥገናውን ጉድጓድ ይሞላል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። በአየር ውስጥ ያለው የትነት መጠን ከመቶ 1.4 ያህል ከደረሰ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ስለዚህ የሚከተሉትን ሳያሟሉ ፍተሻ አይጀምሩ።

መኪናው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ በተለይም ደጅ ይቁም። በአቅራቢያው ሲጋራ፣ የከሰል ምድጃ፣ የብየዳ ሥራ አይኑር። ማራዘሚያ ላይ የታሰረ የሚግል አምፖል ይዘው መኪና ሥር አይግቡ፤ ወድቆ ሲሰበር ሽቦው እሳት ነው። በባትሪ የሚሠራ የኤልኢዲ መብራት ይጠቀሙ። የዱቄት እሳት ማጥፊያ በእጅ በሚደረስበት ቦታ ያስቀምጡ፤ ቤንዚን ውኃ ላይ እየተንሳፈፈ ስለሚቀጣጠል የውኃ ባልዲ አይተካውም። ሞተሩ በርዶ ይሁን። የነዳጅ መስመር የሚፈታ ከሆነ የባትሪውን ኔጋቲቭ ያላቁ።

ቤንዚን በአፍ መሳብ በአገራችን የተለመደ ቢሆንም ፈጽሞ አይደረግ። ጥቂት ጠብታ ወደ ሳንባ ከገባ ሕይወት የሚያሰጋ የሳንባ ቁስለት ያስከትላል። በስሕተት የዋጠ ሰው እንዲያስታውከው አያስገድዱት፤ ሲመለስ ሳንባ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ይበልጣልና በቀጥታ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ርካሽ የእጅ ፓምፕ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

እየነዱ ሳሉ ሽታው ድንገት ከበረታ፣ ወይም ከመኪናው ሥር ሲንጠባጠብ ካዩ፣ ጥግ ይዘው ሞተሩን ያጥፉ፣ ሰው ሁሉ ይውረድ፣ ከመኪናው ይራቅ። እስከ ጋራዥ ልድረስ አይባልም። እሳት ከተነሣ በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር የሚጠራው በ939 ነው።

ሽታው ቀላል ቢሆንም ሕፃናት ያሉበት መኪና ከሆነ አያቆዩት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር የሚጀምሩት ከትንሽ ትነት ነው፤ ቤንዚን ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ የደም ካንሰር የሚያመጣ ንጥረ ነገርም አለበት።

1. የሚሸተው በእርግጥ ቤንዚን ነው?

ጥሬ ቤንዚን ማደያ ሲቆሙ የሚሸትዎ ነው፤ ስለታም፣ ወዲያው የሚታወቅ። ዓይን የሚያቃጥል፣ የጭስ ጠረን ያለበት ከሆነ ግን ችግሩ የነዳጅ መስመር አይደለም፤ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ይህን ከቤንዚን ሽታ በላይ ይፍሩት፤ ከጭሱ ጋር የሚመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሳይታወቅ ያደክማል፣ ይገድላልም። የማርሚታውን (የጭስ ድምፅ ማፈኛውን) መገጣጠሚያዎች፣ ጭስ ወደ ማርሚታ የሚወስደውን ቱቦ፣ የኋላውን በር የጎማ ማሸጊያ ያስፈትሹ። እንደ ቪትዝ ያለ የኋላ በሩ ወደ ላይ የሚከፈት መኪና ረጅም ዕቃ ጭኖ በሩ ገርበብ ብሎ ሲነዳ ከኋላው ያለውን ጭስ እየሳበ ወደ ውስጥ ያስገባል።

ጣፋጭነት ያለው ሽታ ሲሆን ደግሞ የራዲያተር ፈሳሽ ነው። ያንን ለጊዜው እንተወው።

2. ቀላሉን አስቀድመው ያስወግዱ

ነዳጅ በጠፋ ሰሞን በጀሪካን ቀድቶ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ይባስ ብሎም በውኃ ፕላስቲክ ከመንገድ ዳር ገዝቶ ወንበር ሥር ማሳደር ተለምዷል። የውኃ ፕላስቲክ ለቤንዚን አልተሠራም፤ ክዳኑ ትነት አይይዝም፣ ፀሐይ ሲመታው ይነፋል። ጀሪካን ጭነው የሚያውቁ ከሆነ ዕቃ መጫኛውን ባዶ ያድርጉ፣ ምንጣፉን ያንሡ፣ የመለዋወጫ ጎማውን ጉድጓድ ይዩ። ጉድጓዱ ውስጥ የፈሰሰ ግማሽ ብርጭቆ ቤንዚን መኪናውን ለሳምንታት ሊያሸተው ይችላል። የጄኔሬተር፣ የሣር ማጨጃ ወይም የሞተር መጋዝ ጭነትም እንደዚሁ ነው።

ጫማዎንም ይመልከቱ። ማደያ ላይ የረገጡት ቤንዚን በፍሬን ፔዳልና በምንጣፍ ላይ ይቀራል።

ከዚያ የነዳጅ ክዳኑ። ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ ወይም በፌስታል የተወተፈ መኪና አሁንም በከተማችን ይታያል። ክዳኑ ካለ ደግሞ ገልብጠው የጎማ ቀለበቱን በጣት ይዳስሱት። ጤነኛው ይለሰልሳል፣ ተጫን ሲሉት ይመለሳል። የደረቀው እንደ ፕላስቲክ ጠንክሮ ይገኛል፣ ወይም ከዳር ተሰነጣጥቋል። በመጠን ተመሳሳይ የሚመስል የሌላ መኪና ክዳን አይጠቀሙ፤ አንዳንዱ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው ለድሮ መኪና የተሠራ ነው፣ ሌላው ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ ነው። ተቀያይረው ሲገቡ አንዱ ያሸታል፣ አንዱ ሰልባትዮውን ያፍናል።

3. ሽታው የሚመጣበትን ሰዓት ይያዙ

ከፍተሻው ሁሉ ዋጋ ያለው ይህ ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም። ለጥቂት ቀናት ሽታው መቼ መጣ፣ ምን እየሠሩ ነበር፣ ነዳጁ ስንት ነበር የሚለውን ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ። ጋራዥ ቢሄዱም ይህ ማስታወሻ የመካኒኩን ግማሽ ቀን ይቆጥባል።

ሽታው ሙሉ ከተሞላ በኋላ መጥቶ ሰልባትዮው ወደ ግማሽ ሲወርድ የሚጠፋ ከሆነ ቀዳዳው ላይኛው ክፍል ላይ ነው። ተጠርጣሪዎቹ የፓምፑ ክዳን ጓርኒሲዮን፣ ከነዳጅ መሙያው አፍ ወደ ሰልባትዮ የሚወርደው ወፍራም የጎማ ቱቦና ቀጫጭኖቹ የትነት ቱቦዎች ናቸው። ኩርባ ሲዞሩ ወይም ዳገት ሲወጡ ብቻ ብቅ የሚል ከሆነም እዚያው ነው፤ ነዳጁ እየተንቦጫረቀ ወደ ላይ ይደርሳል።

ጠዋት ሲያስነሡ ሸትቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ የኢንጀክተር ጎሚኒዎችንና በሞተሩ ላይ ያሉ መገጣጠሚያዎችን ይጠርጥሩ። ብርድ ላይ ጎማው ይጠብባል፣ ይደርቃል፤ ሲሞቅ ተለጥጦ ይዘጋል። በነገራችን ላይ ሞተር በብርድ ሲነሣ ነዳጅ አብዝቶ ስለሚወስድ ከማርሚታው በኩል ትንሽ መሽተቱ ያለ ነገር ነው፤ እሱ ግን ውጭ ቆሞ የሚሸት እንጂ መኪናው ውስጥ የሚቆይ አይደለም።

ነድተው ሲያቆሙ፣ ሞተሩ ከጠፋ ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚመጣ ሽታ በካርቡሬተር መኪናዎች፣ ማለትም ኢንጀክተር ሳይኖራቸው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ክፍል ባላቸው የድሮ መኪናዎች የታወቀ ነው። የሞተሩ ሙቀት ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን ያፈላዋል። በአሮጌ ላዳና በዲኤክስ ኮሮላ ይህ ይታያል። በኢንጀክሽን (ኢንጀክተር ባለው) መኪና ላይ ከታየ ግን የሚያፈስ ነገር አለ።

የአየር ማራገቢያው ሲከፈት የሚመጣ፣ ሲዘጋ ወይም አየሩ ውስጥ ለውስጥ እንዲዘዋወር ሲደረግ የሚቀንስ ከሆነ ምንጩ ሞተር ክፍል ነው። መኪናው አየር የሚስበው ከፊት መስተዋቱ ግርጌ፣ ከዝናብ መጥረጊያው አካባቢ ስለሆነ ከኮፈኑ ሥር የሚወጣ ትነት በቀጥታ ወደ ፊትዎ ይመጣል። ማራገቢያው ተዘግቶም ከኋላ ወንበር በኩል የሚጠነክር ከሆነ ምርመራውን ከኋላ ይጀምሩ። ይህ አንድ ሙከራ ፍለጋውን በግማሽ ይቀንሰዋል።

አንድ የአገራችን ጉዳይ ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ቤንዚን ከቆላው ይልቅ ቶሎ ይተናል። አዋሽ ወይም አዳማ ሞልተው ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ ሰልባትዮ ውስጥ ያለው ትነት ይለጠጣል። ክዳኑን ሲከፍቱ «ፍሽ» ብሎ መተንፈሱ ለብቻው ጉድለት አይደለም። ከቆላ ወጥተው ሲደርሱ ብቻ መኪናው ውስጥ የሚሸት ከሆነ ግን ትነቱን ሊይዝ የሚገባው ክፍል ሥራውን አልሠራም፤ ስለ እሱ ከታች አለ።

4. በዓይን ማየት

ማታ መኪናውን ደረቅ ቦታ አቁመው ከሥሩ ከፊት እስከ ኋላ ካርቶን ያንጥፉ፤ የጎማዎቹን ቦታ ካርቶኑ ላይ ምልክት ያድርጉበት። ቤንዚን ቶሎ ስለሚተን ጠዋት ላይ እርጥበት ላያገኙ ይችላሉ፤ ግን ክብ ጠርዝ ያለው ጥላ ይተዋል፣ ካርቶኑም ይሸታል። ምልክቱ ከየትኛው ጎማ አጠገብ እንደሆነ ሲያዩ የት እንደሚፈልጉ ያውቃሉ።

*የኋላ ወንበር ሥር።* በቪትዝና በኮሮላ፣ በሌሎችም ብዙ የቤት መኪናዎች ሰልባትዮው ያለው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው፤ ለፓምፑ መክፈቻም እዚያው ወለሉ ላይ ተሠርቷል። የመቀመጫውን የፊት ጠርዝ በሁለቱም ጫፍ ወደ ላይ ሳብ ሲያደርጉት ከመያዣው ይላቀቃል። ከሥሩ ምንጣፍ፣ ከምንጣፉ ሥር በብሎን ወይም በጥቁር ማስቲሽ የተያዘ የብረት ክዳን ያገኛሉ። ክዳኑን ከማንሣትዎ በፊት አፍንጫዎን ያስጠጉ። ከዚያ ያንሡትና ዙሪያውን ሳይነኩ በመብራት ይመልከቱ። ከኮረኮንች መንገድ የገባ አቧራ የፓምፑን ራስ ሸፍኖት ይገኛል፤ ይህ አቧራ ምስክር ነውና አይጥረጉት። ደረቅና ግራጫ ከሆነ ከዚያ አይፈስም። አንዱ ጎን ጠቁሮ፣ ረጥቦ፣ ጭቃ መስሎ ከተጣበቀ ቤንዚን የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ጥቁረቱ የፓምፑን ክዳን ዙሪያ የተከተለ ከሆነ ጓርኒሲዮኑ ነው፤ ከአንዱ ቱቦ መገጣጠሚያ ተነሥቶ የተዘረጋ ከሆነ ቱቦው ወይም የፕላስቲክ መያዣው ነው። የፕላስቲኩ ራስ ራሱ በቀጭን ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ቱቦው የሚገባበትን አንገት በመብራት አስጠግተው ይዩት።

አሁን ረዳትዎ ቁልፉን ሞተር ሳያስነሣ የዳሽቦርዱ መብራቶች እስኪበሩ ድረስ ያዙረው። ብዙ መኪናዎች ላይ ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል ሠርቶ በመስመሩ ውስጥ ግፊት ይፈጥራል። አጥፍቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገመው። በግፊት የሚያፈስ መገጣጠሚያ በዚህ ጊዜ ያልበዋል። ሽታው ክፉኛ ከበረታ ግን ይህን ሙከራ ይተዉት፤ ኤሌክትሪክ ማብራቱ ራሱ አደገኛ ነው።

*የመሙያው ቱቦ።* አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ጎማ ጀርባ፣ ከፕላስቲክ ሽፋን ሥር ያልፋል። ጎማው የሚያነሣው ጠጠርና ጭቃ ስለሚመታው ቱቦው በስተውጭ ጤነኛ መስሎ ከማጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። በእጅዎ ጠምዘዝ አድርገው ይዩት። ማሰሪያው ፋሸታ ከዛገ ወይም ከላላ መሙያው ላይ ሲቀዱ ብቻ ያፈሳል። ከአውሮፓ ያገለገሉ ሆነው የመጡ መኪናዎች የብረት መሙያ ቧንቧቸውና የነዳጅ መስመራቸው በክረምት መንገድ ላይ በሚነሰነሰው ጨው ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል ለእነሱ ልዩ ትኩረት ይስጡ።

*ሞተር ክፍል።* ኮፈኑን ከፍተው ቤንዚኑ ከወለሉ በኩል ወደ ሞተር ሲመጣ ከሚታየው የመጀመሪያ ቱቦ ይጀምሩና እስከ ኢንጀክተሮቹ ይከተሉት። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በነጭ ሶፍት ይንኩና ያሽቱ። በድሮ ኮሮላዎች ላይ ፊልትሮው እዚሁ በብረት ብሎን ታስሮ ይገኛል፤ በብሎኑ ግራና ቀኝ ያሉት የመዳብ ቀለበቶች ፊልትሮ በተቀየረ ቁጥር መቀየር ሲገባቸው አሮጌዎቹ ተመልሰው ስለሚገቡ ያልባሉ። ፊልትሮ ካስቀየሩ በኋላ የጀመረ ሽታ ከሆነ ከዚህ አይለፉ።

ኢንጀክተሮቹ የሚገቡበት ቦታ ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር የታጠበ መሳይ ምልክት ካለ የላይኛው ጎሚኒ አልቋል። በነዳጅ ማከፋፈያው ጫፍ የግፊት ማስተካከያ ካለ ከላዩ የሚወጣውን ቀጭን የአየር ቱቦ ነቅለው ያሽቱ፤ ውስጡ ቤንዚን ካለ የማስተካከያው ውስጣዊ ሽፋን ተቀዷል፣ መቀየር እንጂ መጠገን የለውም።

የዘይት መለኪያውንም መዝዘው ያሽቱ። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ካለ፣ ይልቁንም መጠኑ ሳይጨመርበት ከፍ ካለ፣ ነዳጅ ወደ ዘይት እየገባ ነው፤ የማይዘጋ ኢንጀክተር፣ የማይሠራ ካንዴላ (እሳት ሰጪ) ወይም በድሮ መኪናዎች ሞተሩ የሚያንቀሳቅሰው የነዳጅ ፓምፕ ሽፋን መቀደድ ምክንያቱ ሊሆን ይችላል። የቀጠነ ዘይት ሞተሩን ይበላዋልና እንዲህ ያለ መኪና ጥገናው አልቆ ዘይቱ እስኪቀየር አይነዳ።

ቮልስ ላላችሁ፦ የእናንተ ሰልባትዮ ከፊት፣ ከእግራችሁ አቅራቢያ ነው። ከፊት ኮፈን ሥር ያለውን የመሙያ ቱቦ፣ የትነት ቱቦና የነዳጅ መለኪያውን ጓርኒሲዮን እዩ። ብዙ ቮልሶች ላይ የቤንዚን ሽታ የሚመጣው ከእነዚህ ከሦስቱ ነው።

5. ምንም ሳይረጥብ የሚሸት ከሆነ፦ የከሰል ሣጥኑ

ሁሉም ደረቅ ሆኖ ሽታው ካለ፣ የሚወጣው ፈሳሽ ሳይሆን ትነት ነው። ሰልባትዮ ውስጥ የሚፈጠረው ትነት በቱቦ አልፎ ልዩ ከሰል ወዳለበት ሣጥን ይገባል፤ ከሰሉ ትነቱን ይዞ ያቆያል። ሞተሩ ሲሠራ አንድ ትንሽ ቫልቭ ይከፈትና የተያዘው ትነት ወደ ሞተሩ ተስቦ ይቃጠላል። ሣጥኑ በአንዳንድ መኪና ሞተር ክፍል፣ በሌላው ከሰልባትዮው አጠገብ ይገኛል።

ይህን ሣጥን በዋናነት የሚገድለው አሞላላችን ነው። ሰልፍ ይዞ የዋለ ሰው እስከ አንገቱ ማስሞላት ይፈልጋል፤ መቅጃው ራሱ ካቆመ በኋላም እየተገፋ ይጨመራል። ለትነት የተተወው ባዶ ቦታ ሲሞላ ፈሳሹ ቤንዚን ወደ ከሰሉ ይገባል። ቤንዚን የጠጣ ከሰል ከዚያ በኋላ ትነት አይይዝም፤ አድርቆ መመለስም እምብዛም አይሳካም። መቅጃው አንዴ ሲያቆም ይብቃ ይበሉ፤ የሚጨመረው ሁለት ሊትር የሣጥኑን ዋጋ አይከፍልም።

ቫልቩን ለመፈተሽ ሞተሩን አጥፍተው ሶኬቱንና ቱቦዎቹን ነቅለው ንጹሕ ቱቦ በመቀጠል በአንዱ በኩል በትንሹ ይንፉበት። ኤሌክትሪክ ሳይኖረው ዝግ መሆን አለበት። አየር ካሳለፈ ተከፍቶ ቀርቷል። ነዳጅ ከሞሉ በኋላ ሞተሩ አልነሣም ማለቱ፣ ቆሞ ሲሠራም መንቀጥቀጡ የዚሁ ምልክት ነው። ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎቹን ጫፋቸው ላይ ይመልከቱ፤ ሥንጥቃቸው ከዚያ ይጀምራል።

የኮምፒውተር ምርመራ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ መኪናዎች የትነት መስመራቸውን ራሳቸው ይፈትሻሉ። ከሚያወጧቸው የስሕተት ኮዶች ፒ0455 ትልቅ ቀዳዳ፣ ፒ0442 ትንሽ፣ ፒ0456 በጣም ትንሽ፣ ፒ0457 የክዳን መላላት ማለት ነው። ለሌላ ገበያ የተሠሩ ብዙ አሮጌ መኪናዎች ይህ ፍተሻ ላይኖራቸው ስለሚችል ኮምፒውተሩ ዝም ማለቱ መስመሩ ጤነኛ ነው አያሰኝም። ያኔ የሚረዳው የጭስ ምርመራ ነው፤ ጋራዡ አነስተኛ ግፊት ያለው ጭስ ወደ መስመሩ ያስገባና ጭሱ የሚወጣበትን ያያል። መሣሪያው ለዚሁ የተሠራና የማይቀጣጠል ጋዝ የሚጠቀም መሆኑን ይጠይቁ።

አሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎች ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የመኪናችሁን 17 አኃዝ መለያ ቁጥር በብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ አስገቡ። ጉድለቱ የአምራቹ ሆኖ የጥገና ጥሪ ተላልፎበት ከሆነ በነፃ ይሠራላችኋል።

6. ጥገናው

በኢንጀክሽን መኪና መስመሩ ውስጥ ሦስት ባር ያህል ግፊት አለ፤ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጩ አዳዲስ ሞተሮች የፊተኛው ክፍል ከ100 ባር ይበልጣል። የኋለኞቹን በቤት አይንኩ። ለተራው ኢንጀክሽን የፓምፑን ፊውዝ ወይም ሶኬት ነቅለው ሞተሩን ያስነሡ፤ ነዳጅ ጨርሶ ይጠፋል። አንድ ሁለቴ እንደገና ለማስነሣት ይሞክሩ፣ ቁልፉን ያጥፉ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ያላቁ። ከዚያም መገጣጠሚያውን በጨርቅ ሸፍነው ቀስ እያሉ ይፍቱ፤ የቀረው ቤንዚን ጨርቁ ላይ ይቀራል። መነጽር ያድርጉ።

*ቱቦ።* እዚህ ላይ ልመና አለኝ፦ የውኃ ቱቦ፣ የአየር ቱቦ ወይም ጥርት ያለ ፕላስቲክ በነዳጅ መስመር ላይ አይግባ። ቤንዚን ያጠነክረዋል ወይም ያቀልጠዋል፣ ፍሳሹም የሚጀምረው ሞተሩ ግሎ ባለበት ጊዜ ነው። ቱቦው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ኤስኤኢ ጄ30 አር7 የሚል የደረጃ ምልክት ያለበት ለካርቡሬተር ነው፤ ለኢንጀክሽን አር9 ያስፈልጋል። ሰልባትዮ ውስጥ ገብቶ ቤንዚን ውስጥ የሚዋጥ ቱቦ ደግሞ አር10 መሆን አለበት፤ ሌላው ከውጭ በኩል ይበሰብሳል። መርካቶ ላይ ጽሑፍ የሌለው ቱቦ «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ ቢቀርብልዎ ይለፉት።

ፋሸታውም ጠርዙ ለስላሳ የሆነ፣ ለነዳጅ ቱቦ የተሠራ ይሁን። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ተራ ፋሸታ በካቻቢቴ ሲጠብቅ የቱቦውን ቆዳ እየቆረጠ ይገባል። በፕላስቲክ መያዣ የሚገጣጠሙ ቱቦዎች ተሰብረው በሽቦ ከታሰሩ ጥገና አይደለም፤ መያዣው ይቀየር።

*የፓምፑ ጓርኒሲዮን።* ነዳጁ ከግማሽ በታች ሲሆን ይሥሩት። መጀመሪያ አቧራውን በቫኪዩም ሳይሆን በብሩሽና በእርጥብ ጨርቅ ያንሡት፤ የቫኪዩም ሞተር ብልጭታ አለው። ቱቦዎቹንና ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ብሎኖቹን ወይም ትልቁን የፕላስቲክ ቀለበት ይፍቱ፣ ፓምፑን የመለኪያው ክንድ እንዳይጣመም ዘንበል አድርገው ያውጡ። አዲሱን ጓርኒሲዮን ከማስገባትዎ በፊት መቀመጫውን ዙሪያውን በጨርቅ ያጽዱ። ሲሊኮን አይቀቡ፤ ቤንዚን ሲነካው ይለሰልስና ተቆራርሶ ፓምፑን ይዘጋል። ብሎኖቹን በአንዴ ሳይሆን እያፈራረቁ፣ ትይዩ ትይዩውን በልኩ ያጥብቁ። የተጠማዘዘ ክዳን አዲስ ጓርኒሲዮን አያድነውም።

*የኢንጀክተር ጎሚኒ።* ሁሉንም አንድ ላይ ይቀይሩ፤ ዕድሜያቸው አንድ ነው። ሲገቡ ጥቂት ንጹሕ የሞተር ዘይት ይቀቡ፣ ሳይጣመሙ ቀጥ ብለው ይግቡ። ለነዳጅ የተሠራ ጎሚኒ መሆኑን ያረጋግጡ፤ መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ የውኃ ጎሚኒ በጥቂት ጊዜ ያብጣል።

*ሰልባትዮ።* ድንጋይ የመታው ሰልባትዮ ላይ ደረቅ የገላ ሳሙና ማሸት ቤንዚን ሳሙናን ስለማያሟሟው ለጥቂት ኪሎ ሜትር ያደርሳል፤ ከዚያ በላይ አይታመን። ለቤንዚን የተሠራ ባለ ሁለት ክፍል ማጣበቂያ የተሻለ ነው፣ እሱም ጊዜያዊ ነው። ብየዳን በተመለከተ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ባዶ ሰልባትዮ ከሞላው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ በውስጡ የቀረው ትነትና አየር ተቀላቅሎ ይፈነዳል። ውኃ ሞልቶ መበየድ በቂ ነው የሚል ሰው ሥራውን እንዲነካው አይፍቀዱ። በእንፋሎት ታጥቦ፣ በጋዝ መለኪያ ተፈትሾ ካልሆነ ያገለገለ ጤነኛ ሰልባትዮ ገዝቶ መቀየር ይሻላል።

*ካርቡሬተር።* ከላይ የሚትረፈረፍ ከሆነ ተንሳፋፊው ወይም የመርፌው ቫልቭ ነው። መርፌውን አውጥተው ጫፉን ይዩት፤ ቀለበት የመሰለ ጭረት ካለበት አይዘጋም። የጥገና ስብስቡን በሙሉ ይቀይሩ።

7. የቀረውን ሽታ ማስወጣት

ምንጩ ሳይዘጋ ሽቶ መርጨት ማስጠንቀቂያውን ማፈን ነው። ሽታ ለማባረር ብሎ መኪና ውስጥ ዕጣን ማጨስ ደግሞ በተከማቸ ትነት ላይ ፍም ማስገባት ነውና በምንም ምክንያት አይሞከር።

ምንጣፉንና መቀመጫውን አውጥተው ፀሐይ ላይ ያስጡ፤ በሮቹን ሁሉ ከፍተው መኪናውን ያናፍሱ። ምንጣፉን በሞቀ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበው በደንብ ያለቅልቁ። በረኪና አይጨምሩ። ከምንጣፉ ሥር ያለው ወፍራም ስፖንጅ ቤንዚን ከጠጣ ግን ታጥቦ አይለቅም፤ ቆርጠው ያስወግዱት። ከዚያ በሰፊ ዕቃ ላይ የተፈጨ ከሰል ወይም ቤኪንግ ሶዳ አድርገው መስኮቶቹን ዘግተው ጥቂት ሌሊት ያሳድሩ፤ የቀረውን ጠረን ይስባል። ቤንዚን የነካውን ጨርቅ ክዳን ባለው ብረት ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡ ወይም ደጅ ዘርግተው ያድርቁ እንጂ ጠቅልለው ጥግ ላይ አይጣሉ።

8. ማረጋገጫ

ባትሪውን ከመመለስዎ በፊት የፈሰሰው ሁሉ መድረቁን ይዩ። ቁልፉን ሞተር ሳያስነሡ ሦስት አራት ጊዜ አብርተው ያጥፉ፤ መገጣጠሚያዎቹን በሶፍት ይንኩ። ደረቅ ከሆኑ ያስነሡት፣ ለሩብ ሰዓት ይሥራ፣ እንደገና ይንኩ። ወንበሩን ገና አይመልሱ። ጥቂት ነድተው፣ ጉብታና ኩርባ ያለበት መንገድ መርጠው ይመለሱና የፓምፑን ዙሪያ ይመልከቱ። በዚያው ሌሊት ካርቶኑን እንደገና ያንጥፉ።

ከዚያ በግማሽ ሰልባትዮ ሁለት ሦስት ቀን ይነዱና መቅጃው ራሱ እስኪያቆም ያስሞሉ። በሙሉ ሰልባትዮ አንድ ሌሊት አድሮ ጠዋት በሩ ሲከፈት የማይሸት መኪና ተጠግኗል። ሞልተው ሲያድሩ ከሸተ ግን የዘጉት ቀዳዳ ብቸኛው አልነበረምና ወደ መሙያው ቱቦና ወደ ከሰል ሣጥኑ ይመለሱ፤ ወንበሩንም እስከዚያ አይግጠሙት።